የተምዋ ፉጨት

የዓሣ ሚዛኑ ጠቋሚ ወደ ዜሮ ሲያሽቆለቁል ዌዚ ቶሎ ብላ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ስንት አለ?» አለች ጓደኛዋ ሉሱንጉ፣ ሞተሩን እያጠፋች።

«ያው ነው። ከድሮዎቹ ክንፎች አይለይም።»

ውሸት ነበር። ትንሿ ድሮን ከጡብ ጋር ታስራ ሚዛኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ላይ በሳበች መጠን ሚዛኑ ይቀልላል። ዌዚ በሞረድ አቅጥና ጫፋቸውን ያሾለቻቸው አዲሶቹ ተሽከርካሪ ክንፎች ጡቡን ሊያነሡት ምንም አልቀራቸውም። ድምፅም የላቸውም ማለት ይቻላል።

ያስከፋትም ይኸው ነው።

የድሮዎቹን የቀረጸው ወንድሟ ተምዋ ነበር። ጫፋቸውን ደፍጥጦ ስለቆረጠው ሲሽከረከሩ ያፏጫሉ፤ ልክ እሱ በተሸረፈ ጥርሱ እንደሚያፏጨው። ባለፈው ክረምት የመኪና መንገድ ወደሌላት ወደ ኡሲስያ መንደር መድኃኒት ይዞ በጀልባ ወጣ። ጀልባዋ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ክበብ ድሮኗን ባበረረ ቁጥር እናታቸው ሐይቁ ዳር ልብስ ማጠቧን ትታ ቀና ትላለች። ዌዚም ከኋላዋ ሰው የቆመ እየመሰላት ዘወር ትላለች።

«አንቺ፣ ዓሣ ነጋዴ ነሽ እንዴ ሚዛን የምትሸፍኚው?» አለች ሉሱንጉ። «እጅሽን አንሺ።»

ዌዚ አላነሣችም።

«ፉጨቱን እኔም እሰማዋለሁ» አለች ሉሱንጉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ቲቸር ያለውን ሰምተሻል፤ ጩኸቱ በከንቱ የሚባክን ጉልበት ነው። በተምዋ ክንፎች ባትሪው ሐይቁ መሃል ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የቅዳሜው መድኃኒት በድሮኗ መሆኑ ቀርቶ በጀልባ ይሄዳል። የሚቀዝፈው ደግሞ የኔ ወንድም ነው።»

ዌዚ መዳፏን አነሣች።

«እንደገና አስነሺው» አለች። «አሁን በደንብ እናንብበው።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ሐይቁ ዳር አገኘቻት።

«እማ፣ ዛሬ አያፏጭም።»

«ማን?»

«ድሮኗን ማለቴ ነው። ክንፎቹን ቀየርኳቸው።»

እናቷ የምታጥበውን ሽርጥ፣ ቺቴንጄዋን፣ ውኃው ውስጥ ነከረችና አወጣችው። «እንግዲያው ስትነሣ ንገሪኝ» አለች። «እኔ በምን አውቃለሁ?»

ማብረሩ የዌዚ ተራ ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሮጣ የድሮኗን መቆጣጠሪያ ለሉሱንጉ አስረከበቻትና ተመልሳ ወረደች።

«እማ፣ ተነሣች።»

ድሮኗ በላያቸው አለፈች። የተሰማው የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ነው። እናቷ ሰማዩን አላየችም፤ ዓይኗ ውኃው ላይ ቀረ። ቺቴንጄው ከእጇ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።

ዌዚ የጨርቁን አንዱን ጫፍ ይዛ አብራት መጭመቅ ጀመረች።