አንጓችና ጀርባውን ያሳከከው ጉማሬ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቁም! ጅራት ያለው ይቀመጥበት!

ጣና ዳር አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት፣ ምላሷ ስልሳ።

በእነ አንጓች ቤት አሳ ያልያዘ የለም። አባቷ ይዟል። እናቷ ይዛለች። ወንድሟ ሞላልኝም ይዟል። ዶሯቸው እንኳ አንድ ቀን ውሃ ልትጠጣ ወርዳ አሳ ይዛ መጥታለች።

አንጓች ግን አንድም አልያዘች። አንድም!

አባቷ ከዳር ራቅ አድርጎ ሐይቁ ውስጥ አራት ግንድ ተከለ። በግንዶቹ ላይ እንጨት ረብርቦ አሳ ማጥመጃ ቆጥ ሠራ። ስፋቱ አንድ አልጋ ያክላል።

አንድ ጠዋት መላው ቤተሰብ በደንገል ታንኳ ተሳፈረ። አባት ቀዘፈ፦ ቸለስ! ቸለስ! ቸለስ!

«ዛሬ አሳ ካልያዝኩ ቤት አልገባም! እዚያው ቆጡ ላይ አድራለሁ» አለች አንጓች።

«እሺ፣ ጋቢ እንልክልሻለን» አለ ሞላልኝ።

ቆጡ ላይ ወጡ። ተጠጋግተው ተቀመጡ። መንጠቋቸውን ወረወሩ፦ ጠብ! ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ዝም። አሳ የለም። አንድም!

ከዚያ በድንገት… ክርፍ! ክርፍ! ክርፍ!

ቆጡ ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም!

አንጓች ቁልቁል አየች። ጉማሬ! ሆዱ ጎተራ፣ አፉ የቤት በር። ጀርባውን አሳክኮት ግንዱ ላይ ይታከካል።

«አንተ!» ብሎ ጮኸ አባት። «ግንዱን የተከልኩት ላንተ ማከኪያ ነው?»

ሞላልኝ የቆርቆሮ ሳህኑን አነሣና ደበደበው፦ ኳ! ኳ! ኳ!

ጉማሬው ደነገጠ። ቡልቅ! ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ሄደ።

ቁጭ አሉ። ጠበቁ። በጣም ከመጠበቃቸው የተነሣ የአባት ጢም አንድ ስንዝር አደገ።

አሳ ግን የለም። አንድም!

ደግሞ… ክርፍ! ክርፍ! ክርፍ!

ቆጡ ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም! ጉማሬው ተመልሶ መጣ።

አሁን ደግሞ ካካው መጣበት። ጅራቱን ሽር ሽር ሽር አደረገና… ጷ! ጷ! ጷ!

አንዱ ጷ የእናት ነጠላ ላይ አረፈ። አንዱ ጷ የሞላልኝ አፍንጫ ላይ። ሌላው ሁሉ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ውይ ነጠላዬን!» አለች እናት።

«ውይ አፍንጫዬን!» አለ ሞላልኝ።

አንጓች ግን ውሃውን ነበር የምታየው። ሥሯ አሳ ብቻ ሆኗል! አንዱ ካካውን ጎረስ፣ ሌላው ጎረስ። እስከ አስር ቆጠረች። ከአስር በላይ ስለማታውቅ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ኳ! ኳ! ኳ! ሞላልኝ ሳህኑን ደበደበ። ቡልቅ! ጉማሬው ሄደ።

አሳዎቹም ተከትለውት ሄዱ።

«ምነው! ለምን አባረራችሁት?» አለች አንጓች።

«ጉማሬ ነዋ!» አለ ሞላልኝ።

«አሳዎቹ የሚመጡት እኮ እሱ ሲመጣ ነው! ምሳቸውን አባረራችሁት!»

አባት ጢሙን አሸ። እናት አባትን አየችው። አባት ሃያ ዓመት አሳ ሲያጠምድ ይህን አስቦት አያውቅም።

«እሺ፣ ከመጣ አንነካውም» አለ አባት።

መጣ። ክርፍ! ክርፍ! ክርፍ!

ቆጡ ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም! አንዱ ግንድ ሲጥጥጥ አለ።

«ልንወድቅ ነው! ሞላልኝ፣ ሳህኑን!» አለች እናት።

«አይሆንም!» አለች አንጓች። «እማዬ፣ እግሬን ያዥኝ!»

በሆዷ ተኛች። እናቷ ሁለት እግሯን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አንጓች ረጅሙን መቅዘፊያ ወደ ታች ሰደደችና የጉማሬውን ጀርባ አከከችለት፦ ፈግ! ፈግ! ፈግ!

ጉማሬው ግንዱን ተወ። ዓይኑን ጨፈነ። «እፍፍፍፍ» አለ።

ቆጡ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፈግ! ፈግ! ፈግ!

ጉማሬው ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ… ጷ! ጷ! ጷ!

አሳዎቹ ግር ብለው መጡ። ጉድ ፈላ! የአንጓች ሁለት እጅ ግን መቅዘፊያው ላይ ነው።

«ሞላልኝ፣ አንተ እከከው» አለች።

«እኔ? ጉማሬ?»

«እከክ ተብለሃል፣ እከክ!» አለ አባት።

ሞላልኝ አፍንጫውን ጠረገና ያክክ ጀመር፦ ፈግ! ፈግ! ፈግ!

አንጓች መንጠቆዋን ወረወረች። ጠብ!

ክሩ ተሳበ። አንጓችም ሳበች። ክሩ ሳበ፣ አንጓች ሳበች!

አባት ሊረዳት እጁን ዘረጋ።

«ማንም እንዳይነካው!» አለች አንጓች።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ተረከዟን እንጨቱ ላይ ተከለች። ሳብ! ሳብ! ሳብ!

ጧ! አንድ ቆሮሶ ቆጡ ላይ ወደቀ፤ አሳ ነው፣ ሰፊ፣ የሚፈራገጥ።

አንድ! አንድ አሳ!

የአንጓችን ክንድ ያክላል። እሷ ስታወራ ግን ታንኳውን ያክላል።

ማታ ቤታቸው ገቡ። እናት ሁሉንም በሳሙና አጠበች። አሳውን ሁለት ጊዜ፣ ሞላልኝን አራት ጊዜ።

አሳው ተጠበሰ። አንጓች ራሷ አካፈለች። ለአባት ቆረሰች፣ ለእናት ቆረሰች።

«ለእኔስ?» አለ ሞላልኝ ቀስ ብሎ።

አንጓች አሰበች። ከዚያ መሀሉን፣ ወፍራሙን ሰጠችው። «እጅህ ደክሟል» አለችው።

በልተው ሳይጨርሱ የአንጓች ዓይን ተከደነ። አባት አቀፋትና መደብ ላይ አስተኛት። እናት ጋቢ አለበሰቻት።

በጭብጧ ውስጥ የአሳው አጥንት አለ። እናት ቀስ ብላ ልትወስድባት ሞከረች።

አንጓች ተኝታለች። እጇ ግን አልተኛም።