መረቡ የማያውቀው ዓሣ

ዓሣ አጥኚው የተገኘው ሐይቁ ዳር፣ በታናሽ ወንድሙ መረብ ተጠቅልሎ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል። አብረውት ክንድ የሚያክሉ ሦስት ዓሣዎች ተጠቅልለዋል። የሰው ወረርሽኝ ገብቶ መሰብሰብ ከታገደ ወዲህ ሐይቁ ዝግ ነው፤ በኋላም አጥኚው ‹ዓሣው ይራባ› ብሎ አቆየው፤ ማጥመድ ክልክል። ስለዚህ ሰፈሩ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱን ጨረሰ፦ ታናሽየው በድብቅ ሲያጠምድ ታላቅየው ስለደረሰበት ገደለው። አለቀ፣ ደቀቀ።

መርማሪዋ ስትደርስ ግን አላለቀም። «ቁንጥጫ» ይሏታል፤ በጥያቄዋ ቆዳ ይዛ ነው የምትጎትተው። ጎንበስ ብላ አንዱን ዓሣ በጣቷ ተጫነችው። ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ድንጋይ።

ታናሽየው በካቴና ታስሮ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጧል።

«መረቡ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ከተዘጋ ጀምሮ ደጅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ማንም ያወርደዋል።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«ልጆቼን ጦም አሳደረብኝ! ‹ዓሣው ይረፍ› ይላል። እኛስ? ግን እትዬ፣ ወንድሜ ነው እኮ!»

የአጥማጆቹ ሊቀ መንበር ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ምን ያደክምሻል እህቴ? ውሰጂውና እንገላገል። ሟቹ ዛሬ ሐይቁ ይከፈት አይከፈት ሊነግረን ነበር። እንደማይከፍተው ሕፃን ያውቃል።»

«አንተስ አልጠላኸውም?»

«ጠላሁት እንጂ! እዚህ አገር እሱን የሚወድ ዓሣ ብቻ ነው።»

ዓሣ እየተረከበ የሚያቀዘቅዘው የበረዶ ቤት ባለቤት ጭቃውን እየጠላ በጫማው ጫፍ መጣ። «እኔ ከዓሣ ከተለያየሁ ቆየሁ። የማቀዝቀዣውን ሞተር ሐይቁ ሲዘጋ አጥፍቼዋለሁ፤ ቤቱ የአይጥ ሆኗል።»

«መረቡን ታውቀዋለህ?»

«እንዴታ! ስንቴ ሞልቶ ሲመጣ ተረክቤያለሁ።»

ቁንጥጫ አመሰገነችውና ለብቻዋ ዞር ዞር ብላ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉንም ዓሣ ማራገፊያው ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከውጭ «ስቀሉት!» የሚሉ ነበሩ።

«ሊቀ መንበር፣ እስቲ ይህን ዓሣ መረቡ ቀዳዳ ውስጥ አስገባልኝ።»

ሰውየው ገፋ። ገፋ። ከአፍንጫው አላለፈም። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ መረብ የሚያውቀው የድሮውን ዓሣ ነው» አለች። «ዓሣው ባነሰ ቁጥር እናንተም ቀዳዳውን እያጠበባችሁ ጣት የሚያክለውን ሳይቀር ለቀማችሁት። ሐይቁ ሲያርፍ ዓሣው አደገ። ዛሬ እዚህ መረብ ላይ ቢደርስ ገጭቶ ይመለሳል። ደግሞ መረብ የያዘው ዓሣ አንገቱን ክር ይቆርጠዋል፤ እነዚህ ጭረት እንኳ የላቸውም። በእጅ ነው የተጠቀለሉት።»

«ማነው ታዲያ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አጥማጅ እንዲህ አይሳሳትም። መረቡን ድሮ ሞልቶ ያየ፣ የዛሬውን ዓሣ ግን በሳጥን ብቻ የሚረከብ ሰው ነው። የሦስቱም ሆድ ገና በረዶ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ሞተሩ ጠፍቷል አልኩሽ!»

«አሁን በረዶ ቤቱን አስከፍቼ መጣሁ። አይጦችህ ጎበዞች ናቸው፤ ዓሣውን እስከ ጣሪያ ከምረውታል።»

ባለቤቱ ዙሪያውን አየ። መውጫውን አጥማጆቹ ዘግተውታል።

«ሐይቁን ሊከፍተው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «‹ዓሣው ተራብቷል፣ አድጓል፤ ሰፊ መረብ ይዘው ይግቡ፤ አንተም በረዶ አዘጋጅ› ሊለኝ መጣና ክምሩን አየ። ሐይቁ ከተከፈተ በድብቅ የመጣውን ዓሣ ማን ይገዛኛል? ቢያወራስ?»

«ስለዚህ ገደልከው፤ በታናሽየው እንዲላከክም መረቡን አወረድክ» አለች።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። «ስቀሉት» ሲሉ የነበሩት መሬት መሬቱን ያያሉ። ሊቀ መንበሩ ታናሽየውን ትከሻውን ሊይዘው ቢሞክር እጁን አሽቀነጠረበት።

«መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አለ ታናሽየው፣ ማንንም ሳያይ። «‹የምሥራች!› እያለ በሬን ሲደበድብ። ‹ምሥር ብላ› በማለት ፈንታ፣ ‹ሂድ ለዓሣዎችህ ንገራቸው› አልኩት።»