ዐሥር ስንዝር ላሜራ

ኑርዬ የተገደለው የሐይቅ ከተማ ሙስሊም ወንድ ሁሉ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ በገባበት ሰዓት ነው። በገዛ ሥራ ቤቱ፣ ገና ባልታጠፈ ሰፊ ላሜራ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የራሱ የእንጨት መዶሻ ማጅራቱን ሁለት ቦታ አድቅቆታል። ያም አልበቃ ብሎ አንገቱ በቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ ተገዝግዟል። ደሙ በላሜራው ላይ ተንጣሎ ከጠረጴዛው ጠርዝ እየወረደ፣ ከሥር በተቀመጠ አዲስ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከመስጊድ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘው የሥራ ባልደረባው ኢስሃቅ፣ ከማየቱ በፊት የሰማው ያንን የባልዲ ድምፅ ነው።

ዘመኑ ሰባ ነበር፤ ያ ሰው እንደ ዶሮ የሚታረድበት ዘመን። ሰው ሲገደል ገዳዩን ፍለጋ ብዙ አይደከምም፤ አንድ ሰው ይያዛል፣ ይገረፋል፣ ነገሩ ያልቃል። የከሰዓት በኋላው የዐሥር ሰላት ሳይሰገድ አብዮት ጥበቃዎች ሀምዱን ከሐይቁ ዳር ጎትተው ወሰዱት።

ሀምዱ የኑርዬ ሠራተኛ፣ የአሲያ የልጅ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው የሁለት ልጆች አባት ቢሆንም፣ እናቱ ስትሞት ከጡት ተቀብላ ያሳደገችው አሲያ ናትና፣ ዛሬም ሳል ሲስል ከሰማች እንቅልፍ የላትም። የዚያን ዕለት ጧት ሀምዱ አንድ አሸንዳ ገልብጦ አጠፈና ላሜራ አበላሸ። ኑርዬ በደንበኛ ፊት በጥፊ አጮለው። ሀምዱም መዶሻውን ወርውሮ፣ «ይች እጅህ አንድ ቀን ትቆረጣለች» ብሎ ወጣ። ይህን ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል። ንዴቱ እስኪበርድ ብቻውን ከውሃው ዳር ተቀምጦ ስለዋለ ጁምዓም አልገባ፣ ምስክርም የለው።

አሲያ ቀበሌው ደጃፍ ስትደርስ የልጇን ጩኸት ሰማች። ሰቅለው ውስጥ እግሩን እየገረፉት ነበር። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ጓድ ማዕረግ፣ ቀኝ እጁን በነጭ ጨርቅ የጠቀለለ አጭር ደልዳላ ሰው፣ በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ነገራት። ነገ አምስት ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ከደሴ ይመጣሉ፤ ወረቀቱ ይፈረማል፤ ከዚያ እርምጃ ይወሰዳል። እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ አሲያ ታውቃለች። ባለፈው ወር የጎረቤቷ ልጅ ውጫሌ መንገድ ዳር ተጥሎ ያደረው በእርምጃ ነው።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ በር ላይ ተቀመጠች።

ሃምሳ አለቃው ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ፖሊስ የነበረ፣ ሁልጊዜ አፍንጫውን የሚጠርግ ከሲታ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ፖሊስ ከአብዮት ጥበቃ ጋር አይጋፋም፤ እሱም ድምፁን አጥፍቶ ነበር የሚኖር። አሲያ የምትለውን ሁሉ አለችው፤ ልጁ ደም ሲያይ እንደሚያዞረው፣ ዶሮ እንኳ ማረድ እንደማይችል፣ ሌሊት ብርድ እንደሚመታው። ሰማትና ባርኔጣውን አነሣ።

«እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ። እኔ ቦታውን ልየው።»

«እግሬ እንጂ ልቤ አይቀመጥ፣ ልጄ። ከኋላህ ነኝ።»

ሬሳው ለእጥበት ተነሥቷል። ኢስሃቅ ብቻ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆሟል። አሲያ በሩ ላይ ቀረች። ሃምሳ አለቃው ምንም ሳይነካ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ከዚያ በምስማር ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ጨርቅ ለኢስሃቅ አሳየው።

«ይህ ምን ይሠራል?»

«ጥሬ ላሜራ የምንይዝበት ነው፣ ጌታዬ። ጠርዙ እስኪታጠፍ ድረስ ምላጭ ነው። ያለ ጨርቅ የጨበጠው እንደሆነ መዳፍ ይሰነጥቃል።»

«ሀምዱ ይህን ያውቃል?»

«የመጀመሪያ ቀን የሚማረው ነገር ነው።»

ጨርቁ ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለችም። የተገደለበት የቆርቆሮ ቁራጭ ደግሞ አንገት በቆረጠበት በኩል ብቻ ሳይሆን፣ በእጅ በሚያዝበትም በኩል ደም ለብሷል። ሃምሳ አለቃው ይህን አየ። በጉልበቱ ተንበረከከና ዓይኑን ከላሜራው ጋር አስተካክሎ በጎን ተመለከተ። የደረቀው ደም ዝም ብሎ የፈሰሰ አልነበረም፤ በመስመር በመስመር፣ በቀጭኑ፣ ተሰምሮበታል።

ኢስሃቅ ምልክት መሆኑን ነገረው። ኑርዬ ከማጠፉ በፊት እጥፋቱ የሚያርፍበትን በምስማር ይጭራል። ጭረቱን የሥራው ሰው ካልሆነ ማንም አያየውም፤ አሁን ግን ደሙ ገብቶበት ጎልቷል። ኑርዬ ማንበብ አይችልም ነበርና የእያንዳንዱን ትእዛዝ ልክ በካርቶን ቆርጦ፣ የባለቤቱን ምልክት አድርጎበት ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ሃምሳ አለቃው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አየ። የዚህኛው ላሜራ ካርቶን የለም።

«ገዳዩ ወስዶታል» አለ ለራሱ። «የማን ትእዛዝ ነበር?»

ኢስሃቅ መሬት መሬት አየ። «አላውቅም» አለ። ግንባሩን ግን ላብ አጥምቆታል።

ሃምሳ አለቃው ሜትር አውጥቶ ለካ። ሠላሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት፣ እንደገና ሠላሳ ስምንት፣ እንደገና ሃምሳ ሰባት። ራሱን ነቀነቀ። ሰው ዕቃ ሲያዝ አርባ ይላል፣ ስልሳ ይላል፤ ሠላሳ ስምንት የሚል ማን ነው?

አሲያ ከበሩ ላይ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«በስንዝር ነዋ። ኑርዬ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ሜትር አያውቅ። አምና የዱቄት ጣሳ ላሠራ ስመጣ እጅሽን ዘርጊ ብሎ ካርቶኑ ላይ ለካኝ። ‹በኔ ስንዝር ብሠራልሽ አነሰ ብለሽ ትጣይኛለሽ፤ በራስሽ ስንዝር ከሆነ ግን ክርክር የለም› አለኝ። ለሁሉም እንደዚያው ነው።»

ሃምሳ አለቃው አፍንጫውን መጥረግ ተወ።

«ሠላሳ ስምንቱ ሁለት፣ ሃምሳ ሰባቱ ሦስት፤ ስለዚህ ይህ ላሜራ ዐሥር ስንዝር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የአንድ ሰው ዐሥር ስንዝር።»

ከዚያ ተነሥቶ ተሻለችን ጠየቀ። ተሻለች ከሥራ ቤቱ ፊት ለፊት ጠላ ትሸጣለች፤ ክርስቲያን ስለሆነች በጁምዓ ሰዓት ከአካባቢው ያልጠፋች እሷ ነበረች። የጋን ክዳን አዝዛ ኖሮ ልትወስድ ሄዳ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ አገኘችው።

«ሁለቴ ሲደበድብ ሰማሁ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ሲገዘገዝ። ዛሬ ደግሞ ኑርዬ ሰላቱን ትቶ ሥራ ያዘ ብዬ ስቄ ተመለስኩ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ስቄ፣ ጋሼ። ሰውየው እየታረደ እኔ ስቄ።»

ከዚያ ቀበሌ ሄደ። ጓድ ማዕረግ በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ብቻውን እንደነበረ፣ እጁን ደግሞ እሾህ ሽቦ እንደቧጨረው በአጭሩ ነገረው። ሃምሳ አለቃውም ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ሲወጣ በሩ አጠገብ በተሰቀለው የአቤቱታ ሳጥን ላይ፣ ዘብ እንዳያየው በጀርባው ከልሎ፣ አንድ ክር ዘረጋ። አሲያ ከአጥሩ ውጭ ሆና አየችው። ይህ ሰው አቤቱታ ሳጥን ሲለካ ልጄ ሊሞትብኝ ነው ብላ ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች።

በማግሥቱ መቶ አለቃው ከደሴ ሲመጡ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ብዕራቸውን ሲያወጡ ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ሰላምታ ሰጥቶ የሩብ ሰዓት ጊዜ ለመነ። ሰዓታቸውን አዩና ፈቀዱ።

በቀበሌው አዳራሽ ደም የጠጣው ላሜራ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ማዕረግ፣ ኢስሃቅና ተሻለች በዙሪያው ቆሙ። ሀምዱን ሁለት ጥበቃዎች በብብቱ ይዘው አመጡት፤ እግሩ እንደ ዱባ አብጦ መሬት አይረግጥም፣ ከንፈሩ ተተርትሯል። አሲያ ልትሄድለት ስትል በሰደፍ መለሷት። ሃምሳ አለቃው ጀመረ።

«ገዳዩ ከኋላ በመዶሻ መታው። ከዚያ የሞተውን ሰው አንገት በቆርቆሮ ገዘገዘ። ለምን? የቆርቆሮ ሠራተኛ ሥራ እንዲመስል። ጧት ሀምዱ የተናገረውን ሰምቷል። ግን ቆርቆሮውን በባዶ እጁ ጨበጠ፤ ጨርቁ ከጎኑ ተሰቅሎ ሳለ። ሀምዱ መዳፍህን አሳይ።»

ሀምዱ ዘረጋ። ጣቶቹ አሮጌ ጠባሳ ሞልቷቸዋል፤ መዳፉ ደኅና ነው። የኢስሃቅም እንደዚሁ።

«ገዳዩ ካርቶኑን ወሰደ፤ ሌላ ማስረጃ የለም ብሎ አሰበ። ጭረቱን አላየውም። ይኸው፣ ደሙ አሳየን። የሳጥን ልክ ነው። አንድ ጎን፣ አንድ ታች፣ ሌላ ጎን፤ ደግሞ ሌላ ታች። ጌታዬ፣ አንድ ሳጥን ሁለት ታች ምን ያደርግለታል?»

መቶ አለቃው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከላይኛው ሥር የሚደበቅ ነገር አለ» አሉ።

«አዎ። ሳጥኑ የተለካው በባለቤቱ ስንዝር ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ሁሉም በየተራ ይለኩት።»

ኢስሃቅ ለካ፤ ዐሥረኛው ስንዝር ላሜራውን አልፎ ወጣ። የሀምዱ ከዚያም በለጠ። የተሻለች ስንዝር ሲቆጠር ግን ሰው ሁሉ ወደ ላሜራው ተጠጋ። የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ለጥቂት ብቻ አነሰ። ሁለተኛው ላይ በሁለት ጣት፣ የመጨረሻው ላይ በአራት ጣት አነሰ።

«ትንሽ ስሕተት በአንድ ስንዝር አይታይም፤ በዐሥር ግን ይጠራቀማል» አለ ሃምሳ አለቃው። «እሷ አይደለችም። ጓድ ማዕረግ፣ እርስዎ ቀሩ።»

«እኔን ልትለካ? እጄ ታሟል።»

«ግራዎ ይበቃል።»

መቶ አለቃው በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ማዕረግ ግራ እጁን ዘርግቶ ለካ። ዐሥረኛው ስንዝር ከመጨረሻው ጭረት ከአንድ መዳፍ በላይ ርቆ ቀረ። ቀና ብሎ ሣቀ።

«እንግዲህ? ሀምዱ ይረሸን፣ ጊዜ አታባክን።»

ሃምሳ አለቃው ግን ከወንበር ሥር የአቤቱታውን ሳጥን አወጣ።

«ጣትዎን አጥፈው እንደሚለኩ ጠብቄ ነበር። ይህን ሳጥን ባለፈው መስከረም ኑርዬ ሠራልዎ። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ አለ፤ ምልክቱ የእርስዎ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ስንዝር። ያን ጊዜ የሚደብቁት ነገር ስላልነበረ እጅዎን በደንብ ዘረጉለት።»

ሳጥኑን ላሜራው ላይ አስቀመጠ። አንድ። ጫፉ ከመጀመሪያው ጭረት ላይ አረፈ። እያገላበጠ አስኬደው። አምስተኛው ሲያርፍ ጫፉ በመጨረሻው የደም መስመር ላይ ተገጠመ፤ በመካከሉ ክር እንኳ አይገባም።

ከዚያ ኢስሃቅ አለቀሰ።

«ሐሙስ ዕለት ነግሮኛል። ‹ጓድ ማዕረግ ሁለት ታች ያለው ሳጥን አዘዘኝ፣ ለዓሣ ነው ይላል፤ ዓሣ ምን ይደብቃል? ነገ ሰው መስጊድ ሲገባ ይመጣል፣ እጠይቀዋለሁ› አለኝ። ፈራሁ። ወላሂ ፈራሁ። ሀምዱን ሲገርፉት ድምፁን እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

«የጓድ ማዕረግን እጅ ፍቱት» አሉ መቶ አለቃው።

ማዕረግ የተጠቀለለ እጁን ወደ ሽጉጡ ላከ። ተኮሰ፤ ጥይቱ የሃምሳ አለቃውን ጆሮ ጫፍ ቀንጥሶ ጣሪያውን በሳ። ሁለተኛውን ሳይተኩስ የራሱ ጥበቃ በሰደፍ አፉን አለው። ላሜራው ላይ ተደፋ፤ ጥርሶቹ ቆርቆሮው ላይ ተንጫጩ። ረግጠው ይዘው ጨርቁን ሲፈቱት መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከሰዓት በኋላ የጥበቃው ግምጃ ቤት ሲፈተሽ ከጥይቱ ግማሹ የለም። ለአምባሰል ሽፍታ ሲሸጥ ነበር የኖረው፤ ከእንግዲህ በዓሣ ሥር ሊያሳልፍ አስቦ ነበር። ያዘጋጀው ወረቀት ስም ብቻ ተቀይሮበት ተፈረመ።

አሲያ ይህን ለማየት አልቆየችም። ተሻለች በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላ ወገን ሆነው ሀምዱን ተሸክመው ቤት አደረሱት። ሃምሳ አለቃው ጆሮውን በመሐረብ ይዞ እስከ በሩ ሸኛቸው። አሲያ እጁን ልትስም ስትል ሸሸ።

«የስንዝሩን ነገር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እናቴ።»

ሀምዱ በሆዱ ተኛ። ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ስለተጣበቀ በሞቀ ውሃ እያራሰች፣ እያላቀቀች አወለቀችለት። ልጅ ሳለ በየዒዱ ስንት ስንዝር እንዳደገ ጀርባውን ትለካለት ነበር፤ እሱም እየተኮረኮረ ይንፈራፈር ነበር። እጇን ዘረጋች። ከትከሻው እስከ ወገቡ ስንዝሯ የሚያርፍበት ደኅና ቦታ ፈለገች። የለም። ጣቶቿን ሰበሰበችና አንዲቷን ብቻ፣ ከሁለት ግርፋት መካከል፣ ቆዳው ባልተላጠበት ላይ አሳረፈች።

«እማዬ» አለ ሳይዞር፣ «እየለካሽኝ ነው?»

«ተኛ» አለችው። ትንፋሹ ከጣቷ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል እየቆጠረች እስኪነጋ ተቀመጠች።