በሳህን ያደገው የልጅቷ ቆዳ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። አሮጊት ቃዠች የሚል ካለ ከአሁኑ ይለፈው። «መስሎዎት ይሆናል እማማ» የሚለኝ ሐኪም አንድ ይበቃኛል።

አርባ ዓመት ወጌሻ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ግን ሌላው በመሣሪያ የሚያየውን እኔ በጣቴ አገኘዋለሁ። ካላመናችሁኝ የሐኪሙን እናት ጠይቋት፤ ወገቧን ያቃናሁላት እኔ ነኝ።

እጢው የቤታችን ነው። በዘር የሚሄድ ነው አሉን። ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ልጇ ወረደ። የእኔ ጀርባዬ ላይ እንደ ሽምብራ ተበትኗል፤ አያምርም፣ አይገድልም።

ልጄን ግን ገደላት።

አንዱ እጢ ጠባዩን ቀየረ። «ይጠበቅ» አሉ። ጠበቅን... ቀበርናት።

የዘጠኝ ዓመት ልጇ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ጭኗ ላይ አንድ አለ። ድሮ ለስላሳ ነበር፤ ስነካው ከጣቴ ስር ሸርተት ይል ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ አይንሸራተትም። ሥር ይዟል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ይሄንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት።

«የጭኗ ፎቶ ደህና ነው የሚለው እማማ። ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን።»

«ፎቶው መቼ የተነሳ ነው?»

«አምና።»

«አምና እኔም ሁለት ጥርስ ነበረኝ።»

አልሳቀም። የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ደሜ ፈልቶ ልጅቷን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የምርምር ክፍሏ ልጅ አገኘችኝ። እጇን ያለ ጓንት አይቼ ስለማላውቅ ባለ ጓንቷ እላታለሁ። ከአራት ወር በፊት ከእኔም ከልጅቷም ምስር የምታህል ቆዳ ወስዳ ነበር።

«ቆዳዎ አድጓል። ይምጡና ይዩት» አለችኝ።

ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጥኳት፤ መጽሐፏን ገለጠች። እኛ ወደ ምርምር ክፍሉ ገባን፤ በሩ ተዘጋ። በሩ ላይ መስታወት ስላለው አያታለሁ።

ክፍሉ ብርድ ነው። ባለ ጓንቷ ከማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠች።

«ከቆዳው ውስጥ ግንድ ሕዋስ አወጣን» አለች። «ሌላው ሕዋስ ከሱ ነው የሚወለደው። እጢውም የሚጀምረው ከሱ ሳይሆን አይቀርም ብለን ነው።»

«ግንዱን ካገኛችሁት መጥረቢያው የታለ?»

«እሱን ነው የምንፈልገው እማማ።»

ወደድኳት። ቢያንስ አልዋሸችኝም።

ከማይክሮስኮፑ ጋር የተያያዘው ስክሪን ላይ የተበጠረ ፀጉር የመሰለ ነገር ተኝቷል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን።

ጎንበስ አልኩ...

ፀጉሩ ወደ እኔ ዞረ።

ወደ ግራ ተራመድኩ። ወደ ግራ ዞረ።

«ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል?»

«በዓይን በሚታይ ፍጥነት አይንቀሳቀስም።»

«ታየኝ እኮ።»

«ጠረጴዛው ተነቃንቆ ነው።»

ጠረጴዛው ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ብሎኑን እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት።

ጣቴን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩ።

«አይንኩ...»

ፀጉሩ ተሰበሰበ። ከየጎኑ እየተሳበ መጣና ጣቴ ስር ተጠቀለለ። እብጠት ሆነ።

እጄ ያለው ፕላስቲክ ላይ ነው። ከስሩ ግን ሥጋ ዳሰስኩ። ሞቃት... ጠንካራ። ገፋ አደረግኩት። አልተንሸራተተም።

ይሄን አውቀዋለሁ።

ከበሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«አያቴ... አትጫኚኝ።»

ዞርኩ። ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿ መጽሐፉ ላይ ናቸው። ቀሚሷ ግን ጭኗ ላይ፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል፣ ሰርጉዷል።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል አያቴ...»

ጣቴን አነሳሁ። ቀሚሱ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ባለ ጓንቷ ሳህኑ ላይ ያለውን ቁጥር እያየች ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለች በሹክሹክታ። «የእርስዎ አይደለም። የልጅቷን ነው ያወጣሁት።»

«አየሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«አየሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«...አየሁ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ለሐኪሙ ንገሪው።»

«ምን ብዬ እማማ? በምን ቃል? አበደች ብለው ነው የሚያባርሩኝ።»

አቃጠለችኝ። የእኔን ቃል እርጅናዬ ያስንቀዋል፣ የእሷን እንጀራዋ ያፍነዋል። መሃል ላይ ያለችው ልጅ የማን ናት? እናቷንም እንዲሁ አንዱ ለአንዱ ሲያቀባብላት ነው ያመለጠችን።

ባለ ጓንቷ ሳህኑን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ዘጋችው። የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋች። አሁን ማይክሮስኮፑ ስር ምንም የለም።

ስክሪኑ ግን አልጠፋም።

ፀጉሩ አሁንም አለ። እብጠቱም አለ። እያየነው... መሃሉ ሰረጎደ። የአንድ ጣት ያህል። ከጎኑ ሌላ ሰረጎደ። ሦስተኛ...

እጆቼን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ነበር።

ከደጅ ልጅቷ፣ ቀስ ብላ...

«አያቴ... ይሄኛው ደግሞ ማነው?»

በበሩ መስታወት ወደ ልጅቷ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አንስቼ ባለ ጓንቷን አስጨበጥኳት።

«ያየሽውን ተዪው፤ ማንም አያምንሽም» አልኳት። «‹እጢው ጠንክሯል፣ ሥር ይዟል፣ ዛሬውኑ ይመርመር› ብለሽ ጻፊ። ከስሩ ፈርሚበት። አሁን፣ እኔ እያየሁሽ።»