ጥርት ያለ ምስል

በገላን ኮንዶሚኒየም፣ ዋናውን መንገድ ቁልቁል በሚያየው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው አቶ ወልደሚካኤል ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ከዚያ ትዳር የቀረችላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ዮዲ። ዮዲ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት አፋፍ ስትመለስ፣ ጆሮዋ አብሯት አልተመለሰም። ያን ቀን እናቷ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክከው "ዮዲዬ! ዮዲዬ!" እያሉ ሲጣሩ ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። የእናቷን ድምፅ የማትሰማ ልጅ በምን ትባበላለች? በምን ትመከራለች? አሰጋሽ ግን እጅ አልሰጡም። ከፋብሪካ ሥራ መልስ ዮዲ የምትማርበት ትምህርት ቤት እየሄዱ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብበው የምልክት ቋንቋ ተማሩ። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ በእጅ አወሩ፣ በእጅ ተጣሉ፣ በእጅ ሳቁ። ጎረቤት "ይህ ቤት እንዴት ጸጥ ይላል!" ይል ነበር። ውስጡ ያለውን ወሬ ማን አይቶት!

ዮዲ አድጋ መምህር ሆነች፤ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር አርባ ምንጭ ተመደበች። እዚያው ፀሐዩ የሚባል፣ እንደ እሷው የማይሰማ እንጨት ሠራተኛ አገባች። አሰጋሽ ሞሽረው ሸኟትና ወደ ባዶው ቤታቸው ተመለሱ። የሌላው ሰው እናት "ሄሎ" ብላ የልጇን ድምፅ ትሰማና ይወጣላታል። ለእሳቸው ግን ስልክ ማለት ምስል ነበር፤ ምስል ማለት ደግሞ ኢንተርኔት። የሞባይል ጥቅላቸው ሲያልቅ ቋንቋቸው አብሮ ያልቃል። ስንት ጊዜ የዮዲ እጅ "እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ..." ብሎ ጀምሮ አየር ላይ ደርቆ ቀርቷል!

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ምስሉ ይደበዝዝባቸው ጀመር። የዮዲ ጣቶች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፤ ፊቷ ጉም የለበሰ ይመስላል። "ድገሚው፣ ኔትወርኩ ነው" ይሏታል በእጃቸው። "በእኔ በኩል ግን ጥርት ብለሽ ትታዪኛለሽ" ትላለች ዮዲ። ማርገዟን የነገረቻቸው ቀን፣ ያቺን ታላቅ የምሥራች እስኪረዱ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። በሦስተኛው ሲገባቸው አለቀሱ፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ እልህ። የልጅ ልጃቸው ሲወለድ በጉም ውስጥ ሊያዩት ነው? አይሆንም! የቤት ኢንተርኔት ማስገባት አለባቸው።

አሰጋሽ እንዲሁ ሰው ስላወራ የሚገዙ ሴት አልነበሩም። ሃያ ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ከመቶ ሜትር ጨርቅ ውስጥ አንዲት የተበጠሰች ክር ነቅሰው የሚያወጡ። ደብተር ይዘው ወጡ። ቃሊቲ ካለው ከነባሩ ድርጅት ቢሮ ወረፋ ጠበቁ፤ ሳሪስ ወርደው አዲሱን ድርጅት ጠየቁ። አንደኛው ሲም የሚገባበት ሣጥን ነው፤ ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ፤ ዋጋው ቀላል፣ ግን በወር የተሰፈረ ጊጋ አለው፤ እሱ ሲያልቅ ፍጥነቱ እንደ ኤሊ ይሆናል። ሌላው በገመድ እቤት ድረስ የሚመጣ፣ ያልተገደበ፣ በፍጥነቱ ልክ የሚከፈልበት፤ ውድ ነው፣ ወረፋውም ረጅም። አንድ ሰዓት በቪዲዮ ማውራት ስንት ጊጋ ይበላል? ሜጋው ሲጨምር ምን ይለወጣል? ሁሉን በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ በኋላ ራሳቸው ማንበብ ሲያቅታቸው እስክሪብቶውን ረገሙ።

"ምን ያህል ሜጋ ይፈልጋሉ እናቴ?" አለቻቸው የሳሪሷ ሠራተኛ።

"ሜጋ አላውቅም የኔ ልጅ። ጣት የሚያሳየው የትኛው ነው?"

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አሰጋሽ አልሳቁም።

መጀመሪያ ሣጥኑን ወሰዱ። ጉሙ አልለቀቀም። መለሱትና ወረፋ ጠብቀው ገመዱን አስገቡ። ጉሙ እዚያው አለ! ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አሳደጉ፤ ከዚያ ሌላ ደረጃ። ከጡረታ ደመወዛቸው ላይ መጀመሪያ ሥጋ ቀረ፣ ቀጥሎ ታክሲ ቀርቶ በእግር ሆነ። ግን ምን ዋጋ አለው? በከፈሉ ቁጥር ልጃቸው ይበልጥ የምትርቅ መሰላቸው። በመጨረሻ ተቆጥተው አቤቱታ አስመዘገቡ።

የተላከው ቴክኒሺያን መገርሳ የሚባል፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ትሁት ሰው ነበር። ገመዱን ፈተሸ፣ ፍጥነቱን ለካ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። ከዚያ "እስኪ ይደውሉላትና አብረን እንየው" አላቸው። ዮዲ ስክሪኑ ላይ መጣች።

"ይኸው! አየህ? ጉም ነው! በዚህ ነው ያን ሁሉ የምከፍለው?"

መገርሳ ስክሪኑን አየ። ቀና ብሎ የሴትዮዋን ፊት አየ። እንደገና ስክሪኑን አየ።

"እማማ..." አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጅዎ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ከኋላዋ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ ሁሉ ይነበባል። ጆሮዋ ላይ ትንሽዬ ነጭ ጉትቻ አድርጋለች።"

"ጉትቻ?"

"አዎ።"

"ጉትቻ አድርጋለች?..."

"ምስሉ ጥርት ያለ ነው እማማ። ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ?"

የመርፌው ቀዳዳ የጠበባቸው፣ የታክሲው ታፔላ የደበዘዘባቸው፣ የደረጃው ጫፍ የጠፋቸው ቀን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። መርፌውን ወቅሰዋል፣ ቀለሙን ወቅሰዋል፣ አምፖሉን ወቅሰዋል። ሃያ ስምንት ዓመት እንጀራ ያበላቸውን ዓይን ግን እንዴት ይጠርጥሩት? ዮዲ ከወዲያ "ሰውዬው ምን አለሽ?" ብላ እጇን ታወናጭፋለች። እሳቸው አላዩአትም።

ከታች ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታቸው ዳሲቱ እጃቸውን ይዛ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየ ስኳር አለብዎት አላቸው፤ ስኳሩ የዓይናቸውን ውስጠኛ ክፍል ጎድቶታል። "ከወራት በፊት ቢመጡ ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም። ከወራት በፊት! ከወራት በፊት እሳቸው ደብተር ይዘው ከቃሊቲ ሳሪስ ጊጋ ያወዳድሩ ነበር።

"ለዮዲ መንገር አለብዎት እትዬ አሰጋሽ" አለች ዳሲቱ ሲመለሱ። "ልጅዎ አይደለች እንዴ?"

"ሰባት ወሯ እኮ ነው። ብትደነግጥስ? በሰላም ትገላገል፤ ያን ጊዜ እነግራታለሁ። አፍሽን ዝጊልኝ፣ በማርያም!"

ዳሲቱ አፏን ዘጋች። አሰጋሽም ማስመሰል ጀመሩ። ስልኩ ሲጠራ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣሉ፤ የልጃቸው ጥላ ሲንቀሳቀስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጥላው ሲቆም "እሺ፣ ጎበዝ፣ በርቺ" ይላሉ በእጃቸው። ዮዲ አንዳንድ ጊዜ ዝም ብላ ትቆያለች። ጥያቄ ጠይቃ መልስ እየጠበቀች እንደሆነ እናት በምን ይወቁ? እዚያ ማዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ልጅ እናቷ እሷን ማናገር እየሰለቻቸው እንደመጣ ታስብ ነበር። እዚህ፣ ገላን፣ እናት የልጃቸውን ጥላ በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። ያልተገደበ መስመር በመካከላቸው ተዘርግቶ፣ ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ።

አንድ ማለዳ፣ ከታሰበው ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ስልኩ ጠራ። አሰጋሽ ሮጠው ተቀመጡ። ጉሙ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል፤ የአልጋ አንሶላ ይሆን? ከዚያ የዮዲ ክንዶች ተጣጥፈው ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ ለዩ። ሕፃን! ያቺን ምልክት ዓይናቸው ቢጠፋም ልባቸው ያውቃታል። ሕፃን! ተወለደ! ከዚያ በኋላ እጇ ዝቅ ብሎ የሠራትን ትንሽ ምልክት ግን አላዩአትም። የፊቷን እንባ አላዩትም። አሰጋሽ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ፊታቸው በሳቅ በራ፣ "እልል! እልል! ተመስገን! እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፣ አጨበጨቡ፣ ጨፈሩ...

ጥላው ለአፍታ ደንዝዞ ቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

"ኔትወርኩ ነው" አሉ አሰጋሽ እየሳቁ።

ዳሲቱ በሰማች ጊዜ ግቢው ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው ወጡ፤ "እንኳን ለአያትነት አበቃዎት!" ተባሉ፤ ሦስተኛው ፎቅ በእልልታ ተናወጠ። ወይ ጉድ! በዚያች ሰዓት አርባ ምንጭ ላይ ፀሐዩ በገዛ እጁ የሠራትን ትንሽ ሣጥን ተሸክሞ ወደ መቃብር ይሄድ ነበር።

ሳምንት አለፈ፤ ዮዲ አልደወለችም፤ እሳቸው ሲደውሉላትም አትገኝም። ሁለት ሳምንት... ሦስት... ስልካቸው ቲንግ ባለ ቁጥር የጥቅል ማስታወቂያ ነው እያሉ ያልፉታል። ዳሲቱ "ሕፃኑ እንዴት ነው?" ስትላቸው "ደህና ነው፣ ትናንት አየሁት" ይላሉ። ልጄ ረሳችኝ ማለት ከሞት በላይ ከበዳቸው። በመጨረሻ መስመሩ ተበላሽቷል ብለው እንደገና አመለከቱ፤ መገርሳም እንደገና መጣ።

"መስመሩ ደህና ነው እማማ። ስልክዎን ላየው?" ተቀበላቸውና ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አለፈ። ከዚያ እጁ ቆመ። "ከልጅዎ የመጣ መልእክት አለ። ከተላከ ሃያ ቀኑ ነው።"

"አንብብልኝ! አንብብልኝ የኔ ልጅ!"

መገርሳ ሊያነበው አልፈለገም፤ ግን ምን ያድርግ?

"'እማዬ፣ ልጄ ሞቶ ተወለደ ብዬ ስነግርሽ ሳቅሽ። አጨበጨብሽ። ምን በደልኩሽ? ከእንግዲህ አልደውልልሽም።'"

አሰጋሽ እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቆዩ፤ ያጨበጨቡበትን እጅ።

"ልጻፍላት? እማማ፣ አላየሁሽም ብዬ ልጻፍላት?"

"አይሆንም... በሰው እጅ አይሆንም። እጄን ትየው። ቅረጸኝ።"

መስኮቱ አጠገብ ፊታቸውን ወደ ብርሃን አድርገው ተቀመጡ። "እጄ ይታያል?" "ይታያል።" "ጥርት ብሎ?" "ጥርት ብሎ እማማ" አለ መገርሳ። የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ስልኩን እንደያዘ እንባው ወረደ። የአሰጋሽ እጆች ይህን አሉ፦ ዮዲዬ፣ ዓይኔ ጠፍቷል። ከጠፋ ቆይቷል። እንዳትደነግጪ ብዬ ደበቅሁሽ። ሕፃን የሚለውን ብቻ አየሁ፤ ቀጥሎ ያለውን አላየሁም። በልጅሽ ሞት የምስቅ እናት አይደለሁም። ብትረግሚኝም እርገሚኝ፤ ግን እወቂው።

ቪዲዮው ሄደ። ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን ስልኩ ዝም አለ፤ አሰጋሽ እህል አልቀመሱም።

በአራተኛው ቀን አመሻሹ ላይ በሩ ተከፈተ።

"ማነው?" አሉ። መልስ የለም። የደከመ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። "ዳሲቱ ነሽ?" መልስ የለም።

አሰጋሽ ከአልጋው ላይ ተነሡ። በዚህ ቤት ተጠርቶ የማይመልስ አንድ ሰው ብቻ ነበራቸው። "ዮዲዬ!" ብለው ጮኹ፤ እንደማትሰማቸው እያወቁ፣ ያኔ በሕፃንነቷ አልጋዋ አጠገብ እንደጮኹት፣ ጉሮሯቸው እስኪደማ ጮኹ። ሁለት ቀዝቃዛ እጆች መጥተው እጃቸውን ያዙ።

ዮዲ ከቃሊቲ መናኸሪያ ወርዳ፣ ገና ያልጠናውን ሰውነቷን እየጎተተች ነበር የመጣችው። ስልኳን ዘግታ ከርማ፣ ቪዲዮውን ያየችው ትናንት ነበር። የእናቷን መዳፎች ከራሷ እጆች በላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች፤ አሰጋሽም እየዳሰሱ አዳመጡ። ወንድ ነበር። ሙሉ ፀጉር ነበረው። አፍንጫው የአባባን ይመስል ነበር። ዓይኑን አልከፈተም። ይህን ስትል ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

ያን ጊዜ አሰጋሽ ለልጅ ልጃቸው አለቀሱ፤ እልል ባሉበት ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ከሦስት ሳምንት በላይ አልፎ። ዮዲ እጇን አንሥታ "ይቅር በ..." ስትል እናቷ ጣቶቿን አፍሰው ደረታቸው ላይ አጣበቋቸው፤ እንድትጨርሰው አልፈለጉም።

ዛሬ ወይዘሮ አሰጋሽ አርባ ምንጭ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። የገላኑ ቤት ተከራይቷል፤ መስመሩም ተቋርጧል፤ የዮዲን ቃል ወደ እሳቸው ሊያደርስ የሚችል ኢንተርኔት ከእንግዲህ የለም። የትኛውም ሜጋ፣ የትኛውም ጊጋ! በዚያ ቤት የሰው ድምፅ አይሰማም። ዮዲ ትምህርት ቤት፣ ፀሐዩ እንጨት ሥራው ላይ ሲውሉ፣ አሰጋሽ በጨለማና በጸጥታ መካከል ለብቻቸው ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ሳያውቁ። ዕጣ ለልጅቷ ጆሮ ነፍጋ፣ ለእናቲቱ ዓይን ነፍጋ፣ በመካከላቸው የአንድ ክንድ ርቀት ብቻ ተወችላቸው። ከዚያች ክንድ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእነሱ ባሕር ማዶ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ማን ይጠየቃል? አመሻሹ ላይ ግን አንዲት ደቃቃ እጅ መጥታ መዳፋቸውን ትነካለች። ቀኑ እንዴት እንደዋለ፣ ተማሪዎቹ ምን እንዳጠፉ፣ ገበያው ላይ ሙዝ እንደረከሰ ትነግራቸዋለች። እሳቸውም አንዲት ጣት ሳታመልጣቸው፣ ሁሉንም ይሰማሉ።