ተኝታለች በያት

ስልኩ ሲጮህ እናቷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች ቀና እንኳ አላለችም።

«ጄኔራሏ ከሆነች ተኝታለች በያት» አለቻት ልጇን።

ጄኔራሏ እናቷ በነርስነት በምትሠራበት የካንሰር ክፍል የነርሶቹ አለቃ ናት። ስሙን ያወጣላት ቀልደኛው ነው፤ እዚያው ክፍል ተኝቶ የሚታከም፣ የልጅቷ እኩያ የሆነ ልጅ። እናቷ ራት ላይ የእሱን ቀልድ ሳትነግራት አታድርም ነበር። መርፌ ሊወጉት ሲቸገሩ «ደም ስሬ እንደ ሒሳብ አስተማሪያችን ነው፤ ሲፈለግ አይገኝም» ያለ ቀን ልጅቷን ውሃ ትን ብሏታል።

በዚህ ሳምንት ግን ቀልድ የለም። «ቀልደኛው ዛሬስ ምን አለ?» ስትላት «ደህና ነው፤ ራትሽን ብዪ» ትላታለች። እሷ ራሷ ግን አትበላም። ጄኔራሏ ስትደውል ደግሞ ተኝታለች ማስባል አመጣች። ልጅቷም ደክሟት ነው ብላ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ዋሽታላታለች።

ስልኩን አንስታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬም ተኛች?» አለች ጄኔራሏ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። «ቀልደኛው ካረፈ ወዲህ ሥራዋን ጨርሳ ማንንም ሳታናግር ውልቅ ነው። አልነገረችሽም እንዴ?»

ልጅቷ ዞራ እናቷን አየቻት።

«ሰው ሲሞትብን ሁላችንም ሻይ ክፍል ተቀምጠን ስለ እሱ እናወራለን። እናለቅሳለን፣ እንስቃለንም። አለዚያ ይህን ሥራ አንችለውም። ለእሱ ግን እስካሁን አልተቀመጥንም፤ ያለ እናትሽ እንዴት ብለን? አሁንም ተሰብስበን እየጠበቅናት ነው።»

እናቷ የልጅቷን እጅ ይዛ ጣሪያውን ታያለች። አውራ ጣቷ በልጅቷ እጅ ጀርባ ላይ እየሄደ ደም ስር ይፈልጋል፤ የሥራ አመል ነው። ሌላ ጊዜ «እማዬ፣ እኔ አልታመምኩም» ስትላት ሁለቱም ይስቃሉ። ዛሬ ጣቷ ያገኘውን ደም ስር እየተወ ደግሞ ይፈልጋል፣ ደግሞ ይፈልጋል፤ እናቷ ራሷ ግን አላወቀችውም።

እናቷ ምስጢሬን አምኜ የምነግረው ላንቺ ነው ትላት ነበር። አሁን ብትናገርባት ሁለተኛ አታምናትም ይሆናል።

«አልተኛችም» አለች ልጅቷ።

የእናቷ አውራ ጣት ቆመ።

«ጠብቁን፣ እትዬ። አብሬያት እመጣለሁ።»

ስልኩን ስትዘጋ እናቷ ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከዳሽኝ እኮ።»

«አንቺም ሸወድሽኝ እኮ፣ እማዬ። ደህና ነው አልሽኝ።»

እናቷ አንገቷን ደፋች፤ የያዘችውን እጅ ግን አልለቀቀችም። ልጅቷም እጇን ለማስለቀቅ አልሞከረችም። በእግሯ ከሶፋው ሥር የእናቷን ጫማ ጎትታ አወጣችና አጠገቧ አስተካክላ አስቀመጠችው።