የሶራይዳ ግድግዳ

በማግዳሌና ወንዝ ዳር፣ ጣሪያዋ ዝናብ በማይከለክል ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች አሬፓ የሚባል የበቆሎ ቂጣ እየጠበሱ በመሸጥ ይኖሩ ነበር፤ ኤርሚንዳና አሮጊት አክስቷ ኦቲልያ። የኤርሚንዳን አባት ገና ሳትወለድ ጎርፍ ወሰደው፤ ባሏን በተጋቡ በዓመቱ ወባ ነጠቃት። እናቷስ? እናቷ ሶራይዳ ልጇን በአራት ዓመቷ ትታት ሄደች። አክስቷ «ጥላሽ ሄደች» ካለቻት ወዲያ በዚያ ቤት ስሟ አልተነሣም። ሞት ቢሆን መቃብር አለው… ተጥሎ የቀረ ልጅ ግን የት ሄዶ ያልቅስ?

ኤርሚንዳ አርባ ስምንት ዓመት ሲሆናት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሥዕል ትምህርት ተከፈተ። እሷም ተመዝግባ ከደጃፏ የሚታየውን ሣለች፤ ጋራውን፣ ትልቁን የሴይባ ዛፍ፣ ወንዙን። ወንዙን ግን ቀለም አላስነካችውም።

«የኛ ወንዝ እንደሆነ ወተት የገባበት ቡና ነው የሚመስለው። ይሄ ነጭ ከየት መጣ?» አላት መምህሩ።

«እኔ እንጃ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ቀለም ቆጥባ ነው!» ብለው ጓደኞቿ ሳቁባት።

ሥዕሎቹ ለሕዝብ በታዩበት እሑድ ጣቶቻቸው የተቆራረጡ አንድ ሽማግሌ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ከሥዕሏ ፊት ቆመው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ከየት ገለበጥሽው?»

«ከደጃፌ ነዋ! እኔ የሰው ሥራ አልሰርቅም!»

«አትቆጪ ልጄ። ይህ ሥዕል በእኛ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ግድግዳ ላይ አለ። የሣለችው ሶራይዳ ትባል ነበር።»

ኤርሚንዳ በማግስቱ ሄደች። ያው ጋራ! ያው ዛፍ! ወንዙም የግድግዳው ኖራ እንዳለ፣ ነጭ! ሶራይዳ በሽታው ጣቶቿን ሲበላ ብሩሹን ከእጅ አንጓዋ ጋር አስራ፣ በጡብ ዱቄትና ነጭ ልብስ በሚታጠብበት ሰማያዊ ዱቄት ነበር የሣለችው።

«‹ልጄን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በከሰል መሣል አስተምራት ነበር። ውኃው ብርሃን ነው፣ አትንኪው እላት ነበር› ትለን ነበር» አሏት ሽማግሌው። «ያቺን በር ላይ የቆመች ልጅ ታያለሽ? በየዓመቱ ልደቷ ሲደርስ ፍቃ፣ ከፍ አድርጋ ትሥላት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ስታደርሳት… ሶራይዳ ዐረፈች።»

ኤርሚንዳ ግድግዳውን አቅፋ ጮኸች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እናቷ በዓይነ ሕሊናዋ አሳድጋታለች!

ቤት ስትገባ «ታውቂ ነበር?» አለቻት አክስቷን።

ኦቲልያ የምትጠብሰውን አሬፓ ተወችው። «አውቅ ነበር። ወታደሮች እንደ ማንኛውም የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በግድ ወደ ሆስፒታሉ ሊወስዷት የመጡ ቀን በመስቀል አስማለችኝ። ‹የደዌ ልጅ ብለው ከሚሸሿት፣ የከዳተኛ ልጅ ይበሏት› አለችኝ። አርባ አራት ዓመት እህቴን ከዳተኛ አሰኝቼ የኖርኩት ላንቺ ስል ነው… ይቅር በይኝ!»

ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። በሳምንቱ ኤርሚንዳ አክስቷን ደግፋ ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ያቺ የእህቷን ስም ሳትጠራ የኖረች አሮጊት ሻሿን አስተካክላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ይህን የሣለችው እህቴ ናት! ይህቺም ልጇ ናት፤ እሷም ሠዓሊ ናት!»

ዕድል እናትን ከልጅ ነጥሎ፣ ስሟን በሐሜት ሊቀብር ይችል ይሆናል። የእናት እጅ ለልጅ እጅ ያስተማረውን ግን ማን ይነጥቃል? ኤርሚንዳ የዚያን ቀን ከሕዝቡ ፊት አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው እስኪመጣ ቸኮለች።